የስለናት ግራ እጅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ከሰዓት

ዛሬም ጮኼ ዋልኩ። ጉሮሮዬ ተቃጥሏል። ሦስተኛ ክፍል፤ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ተጣበዋል፣ መስኮቱ መስታወት የለው፣ የደባርቅ ብርድ እንዳሻው ይገባል። ገባችሁ? ስል አዎ ቲቸር! ይላሉ ባንድ ድምፅ። ስለናትም አፏን ከፈት ዘጋ ታደርጋለች። ከሁሉም አስበልጣ። ግን አትሰማም። ከተወለደች ጀምሮ እንዲሁ ናት። ጎኗ ያለችው ትርንጎ በክርኗ ስትነካት ትነሳለች፣ ስትነካት ትቀመጣለች። ከሰሌዳው አሳምራ ትገለብጣለች፤ የገለበጠችውን ግን አታውቀውም።

አካቶ ትምህርት ነው፣ ከሚሰሙት ጋር አብራ ትማር አሉን። ይኸው አካተትኳት። እኔ የምልክት ቋንቋ አልችል፣ ያስተማረኝ የለ። የሚችል መምህር ይመደብልን ብዬ ለወረዳው ካመለከትኩ ከረምኩ። ዝም። አንቺ ማስታወሻ፣ ካንቺ በቀር የሚሰማኝም የለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ር/መምህሩ ጠራኝ። ነገ ሱፐርቫይዘር ይመጣል። ሁለት ጉዳይ ይዞ። አንድ፣ ለስለናት የምልክት ቋንቋ መምህር ያስፈልጋታል ወይስ አያስፈልጋትም? ሁለት፣ የኔ የሥራ አፈጻጸም። ጎንደር የመዛወሬ ነገር እሱ በሚሰጠኝ ውጤት ላይ ነው። ባሌና ልጄ እዚያ ናቸው። ባለፈው በስልክ ሳወራት አክስቷን እማ ስትል ሰማኋት። ስልኩን ዘጋሁት፤ ኔትወርክ ነው አልኩ።

ክፍሉ ሞቅ ይበል አለኝ ር/መምህሩ። እንዴት እንደሚሞቅ እዚህ ያለ መምህር ሁሉ ያውቃል። ከእረፍት በኋላ አለማመድኳቸው። ሁሉም እጅ ያወጣል፤ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። እኔ የምጠራው ቀኝ ያወጣውን ብቻ። ወደዱት፣ ሳቁ። ለስለናት በእጄ ላስረዳት ሞከርኩ። ሁለቱንም አወጣችልኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

መጣ። ኋላ ተቀመጠ። ስጠይቅ ያልወጣ እጅ የለም፤ እንግዳው ደስ አለው። ስለናት ትርንጎን አይታ ቀኟን አወጣች። እኔ አለፍኳት። እሱ ግን ራሱ ጠቆማት፤ ያቺ ልጅ ወጥታ ትሥራው አለ። ስድስት ሲባዛ በአራት። ትርንጎ በዴስኩ ሥር መዳፏ ላይ በጣቷ የሆነ ነገር ጻፈችላት፣ ገፋ አደረገቻት። ስለናት ወጣች። 24። ከኔ ጽሕፈት ያማረ። ክፍሉ አጨበጨበ።

ሲወጣ፣ ይቺ ትንሽ ትንሽ ትሰማለች፣ ዓይን አፋር ናት እንጂ ምንም አልጎደላትም፣ ለሷ የታሰበው መምህር ለሌላ ት/ቤት ይሂድ አለ። ለኔ ከፍተኛ ውጤት ሰጠኝ። አመሰግናለሁ አልኩት። ሌላ ነገር ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከፈት ዘጋ አደረግሁት፣ እንደ ስለናት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

አባቷ አቶ ደሴ ከቡይት ራስ ወርደው መጡ። መምህር ሊመጣላት ነው የተባለው ምን ደረሰ? አይመጣም አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«መምህርት፣ እንዲያው አይቀየሙኝ። ተእኔ ጋር በእጅ እንጨዋወታለን፣ ቤቷ ሰው ናት። እዚህ ግድግዳ ስታይ ተምትውል ገብሱን ተጭላዳ ዝንጀሮ ብትጠብቅልኝ አይሻልም?»

ቅዳሜ ሊወስዷት ነው። ገብሱ ሲያልቅ ትመለሳለች ወይ አልኩ። እግዜር ያውቃል ብለው ተነሡ። ከደጅ ስትጠብቃቸው አየሁ፤ በእጃቸው አንድ ነገር አሏት፣ ከት ብላ ሳቀች። ድምፅ አላት ለካ። እኔ ክፍል አንድ ቀን አልሳቀችም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13፣ 11 ሰዓት

ዛሬ ማካፈል አስተማርኩ። ገባችሁ? አዎ ቲቸር! ስለናት አፏን አልከፈተችም። ግራ እጇን አወጣች።

ተሳስታ መሰለኝ፣ ቀጠልኩ። አላወረደችም። ትርንጎን ምንድን ነው አልኳት። በእረፍት ሰዓት ያን የዓርቡን ነገር በእጃችን አስረዳናት ቲቸር አለችኝ። አሳየችኝም፤ ጭንቅላቷን ነካ አድርጋ ቀኝ፣ ባዶ መዳፏን ዘርግታ ግራ። እኔ ያቃተኝን እነሱ አፈር ላይ ተቀምጠው ጨርሰውታል።

ስለናት ክንዷ ሲደክማት በሌላው እጇ ደገፈችው። ደወል እስኪደወል እንዳወጣች ቆየች። ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም። አልገባኝም ነው የምትለኝ። እስከዛሬ ስትገለብጥ የኖረችው የኔን ነው፤ የራሷ ነገር ይሄ የመጀመሪያው ነው። ዞር ብዬ ሰሌዳውን አጠፋሁ፣ የጠፋውንም ደግሜ አጠፋሁ። አለቀስኩ። ጠመኔው ዓይኔ ገባ አልኳቸው።

አሁን ባሌ ደወለ። ውጤቴን ሰምቷል፤ ሰፋ ያለ ቤት እያየ ነው።

ነገ ጠዋት ወረዳ እሄዳለሁ። ስለናትን ይዤ፣ አባቷንም ጠርቼ። እጆቹን ያለማመድኩ እኔ ነኝ፣ 24ቱም የትርንጎ ነው እላለሁ። ውጤቱን ይሰርዙት። ዝውውሩም ይቅር። ቅዳሜ ሳይደርስ መምህሩን ይመልሱላት። ቆርጫለሁ። ልጄ መቼ ነው የምትመጪው ስትለኝ ግን እኔ ምን ብዬ…