አባዬ፣ የመሣሪያ ሣጥኑን አትስጥ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልህን መነጽር ታደርገዋለህ ወይስ እንደ ወትሮው ኪስህ ውስጥ ነው የሚውለው? እማዬስ ወገቧን ተሻላት? ይህን ደብዳቤ የምታነቢለት ታናሽ እህቴ፣ አንቺስ እንደምን አለሽ? ጥርስ እያወጣ አላስተኛ ያላችሁ ድቡልቡሉ ልጅሽስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም ዛሬ ደስታዬ ልክ አጥቶ ብዕሩ እጄን መከተል አቅቶታል፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ። አደራሽን እህቴ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢለት፤ አንድም መስመር እንዳትዘይ።

አባዬ፣ እህቴ የጻፈችልኝ ደርሶኛል። «እጄ ከድቶኛል፤ የማይታመን እጅ መሣሪያ ምን ያደርግለታል» ብለህ በወሩ መጨረሻ የመሣሪያ ሣጥንህን ለጎረቤት ጋራዥ ልትሰጥ ነው አሉ። እባክህ ይህን ደብዳቤ ሰምተህ ሳትጨርስ አንዲት ብሎን እንኳ ከቤት እንዳትወጣ። የምነግርህ ሁለት ነገር አለኝ። አንዱ የምሥራች ነው። ሌላው ከስምንት ዓመት በፊት ልነግርህ ሲገባኝ የዋጥኩት ነው። ከምሥራቹ ልጀምር፤ ለሁለተኛው ድፍረት የሰጠኝ እሱ ነውና።

እንደምታውቀው ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ የጀልባ ጥገና ግቢ ውስጥ ሥራዬ የሸራ ጀልባ ሆድ መፋቅ ነበር። ጀልባው ከውሃ ወጥቶ በእንጨት ድጋፍ ይቆማል፤ እኔ ከሥሩ ገብቼ የተጣበቀበትን የባሕር ቅርፊትና የአሮጌ ቀለም ፍርፋሪ ስፍቅ እውላለሁ። ቤት ገብቼ ፀጉሬን ስታጠብ የሚወርደው ውሃ ሰማያዊ ነው። ከአራት ወር በፊት ግን በምሳ ሰዓት የተቃጠለ ሶኬት ፈትቼ ስጠግን የግቢው የኤሌክትሪክ ኃላፊ አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ ይህን ያስተማረሽ ሰው አለ እንዴ?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተራቸውን ተሸክሜ እከተላቸዋለሁ። ሠራተኛው እሳቸው በሌሉበት «ፊውዝ» ይላቸዋል፤ ቶሎ ስለሚቃጠሉ። ሲቃጠሉም የእውነት እንደ ፊውዝ ናቸው፤ ማንንም አይጎዱም፣ ራሳቸው ጠፍተው ይውላሉ።

የጀልባን ኤሌክትሪክ ብታየው አባዬ፣ ምሳህን ረስተህ ነበር የምትውለው። ባትሪው ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ወገን ሞተር ከማስነሳት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ሁለተኛው የቤቱ ነው፤ መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የውሃ ፓምፑን ይሸከማል። በመካከላቸው ቡጢ የሚያህል ቀይ ማዞሪያ አለ። አንድ ቁጥር ላይ ስታደርገው ከማስነሻው፣ ሁለት ላይ ከቤቱ፣ «ሁለቱም» ላይ ከሁለቱ ይወስዳል፤ ታች ደግሞ «ዝግ» የሚል አለ። ሰው ተዘናግቶ «ሁለቱም» ላይ ትቶት ከተኛ ማቀዝቀዣው የሞተሩንም ባትሪ ልሶት ያድራል፤ ጠዋት መሐል ባሕር ላይ ሆነህ ማንን ግፋልኝ ትላለህ? አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም የሚባለው እዚህ ነው።

ፊውዝ ማዞሪያውን ያስተማሩኝ ቀን ጣታቸውን ቀስረው አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። ሞተር እየሠራ ማዞሪያው «ዝግ» ላይ እንዳይደርስ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ። ዲናሞው ያመነጨው ኃይል መሄጃ ያጣና መልሶ ዲናሞውን ራሱን ያቃጥለዋል። ይህን ሲሉ በእጄ የያዝኩት ካቻቢቴ አምልጦኝ ወደቀ። ለምን እንደወደቀ ኋላ እነግርሃለሁ።

ሌላው የሚገርምህ ኢንቨርተር ቻርጀር የሚሉት ሣጥን ነው። አንድ ሣጥን ሆኖ ሁለት ሥራ ይሠራል። ጀልባው ወደብ ዳር ቆሞ የመብራት ገመድ ሲሰካለት ባትሪዎቹን ይሞላል። ገመዱ ተነቅሎ ወደ ባሕር ሲወጡ ደግሞ ተገልብጦ ከባትሪው ይወስድና ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ልክ እንደ ቤታችን መብራት ይሰጣል። ዳር ሲሆን ሰጪ፣ ባሕር ሲገባ ወሳጅ በለው።

እንግዲህ አንድ የሸራ ጀልባ አለ። ባለቤቶቹ ጡረታ የወጡ መምህርትና ባለቤታቸው ናቸው፤ ቤታቸውን ለልጃቸው ለቀው ቅዳሜ ረጅም ጉዞ ሊጀምሩ ተዘጋጅተዋል። ችግሩ፣ ወደብ ዳር ሲሆኑ ባትሪው ሙሉ ነው፤ አንድ ሌሊት ከወደቡ ገለል ብለው ሲያድሩ ግን ጠዋት ባዶ ነው። ፊውዝ ሁለት ጊዜ አዩት፤ «ባትሪው ነው» ብለው አስለወጡ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ባዶ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ጠሩኝና «እስከ ዓርብ ካገኘሽው የራስሽ የመሣሪያ ሣጥን ይሰጥሻል፣ ከእኔ ጋር ትሠሪያለሽ። ካላገኘሽው መፋቂያሽ ቦታው ላይ አለልሽ» አሉኝ። የራሴ ሣጥን! ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ሰኞ የባትሪውን ማሰሪያዎች ሁሉ አጠበቅኩ። ማክሰኞ ሽቦ በሽቦ ለካሁ። ምንም የለም። ረቡዕ መምህርቷ አዘኑልኝ መሰለኝ «ልጄ፣ ይህ ይጠቅምሽ እንደሆነ» ብለው ደብተር አወጡ። ጡረታ ቢወጡም እርማት አልተዋቸውም፤ የባትሪውን መጠን እንቅልፍ እስኪጥላቸው በየግማሽ ሰዓቱ መዝግበው፣ የወረደበት ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ደካማ» ብለው ጽፈዋል። እየሳቅኩ ሳገላብጥ አንድ ነገር ታየኝ። ባትሪው መውደቅ የሚጀምረው ሁልጊዜ ኢንቨርተሩ ከበራ በኋላ ነው። ታዲያ ምን ሰክተው ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምንም! ለጠዋት ሻይ ማፍያዬ ብዬ ነው ማታ ቀደም ብዬ አብርቼው የማድረው» አሉ።

ሐሙስ የወደቡን ገመድ ነቀልኩ፣ ያለውን ሁሉ አጠፋሁ፣ ኢንቨርተሩን ብቻ አበራሁ። ቴስተሩ ከባትሪው ብዙ ኃይል እየወጣ ነው ይለኛል፤ የሚሠራ ነገር ግን አይታይም። ያን ጊዜ አንተ ትዝ አልከኝ። «ከቴስተሩ በፊት እጅሽ ይስማ» ትል አልነበር? ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን በጣውላው ላይ እያስኬድኩ ከኩሽናው እስከ መኝታቸው ሄድኩ። አልጋቸው ሥር ስደርስ ጣውላው ሞቀኝ። ፍራሹን አነሳሁ፣ ክዳኑን ከፈትኩ። አሮጌ ቻርጀር! አዲሱ ሣጥን ሲገባ መውጣት የነበረበት፣ አቧራ ለብሶ፣ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ እዝዝዝ ይላል።

ጩኸቴ አይጣል ነው። መምህርቷ እሳት የተነሳ መስሏቸው ባልዲ ውሃ ይዘው እየሮጡ መጡ። ባልዲዋን ሳይ ነው ማስረዳቱም የመጣልኝ። ኢንቨርተሩ ከባትሪው ይወስዳል፤ ለሶኬቱ ይሰጣል፤ አሮጌው ቻርጀር ከሶኬቱ ወስዶ ያንኑ ባትሪ ሊሞላ ይለፋል። ከጋን ውሃ በቀዳዳ ባልዲ እየቀዱ መልሶ እዚያው ጋን ውስጥ መገልበጥ ማለት ነው። የሚያንጠባጥበው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፣ ሲነጋ ጋኑ ባዶ ነው። መምህርቷ ደብተራቸውን ከፍተው በቀይ «በጣም ጥሩ» ብለው ጻፉልኝ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። በግቢያችን ሥራ የጨረሰ ሰው በሠራው ዕቃ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። አሮጌው ሳይወጣ ፕላስተር አይለጠፍም፤ ሕጉ ይህ ነው። አዲሱ ሣጥን ላይ የተለጠፈው ፕላስተር የማን ነው? የፊውዝ! ሶኬቱን ነቅዬ «የላላ ሽቦ ነበር» ብል ማን ያውቅብኛል? ቆሜ አሰብኩ። ከዚያ በምሳ ሰዓት ለብቻቸው ሲሆኑ ጠብቄ እንዳለ ነገርኳቸው።

ሰሙኝና ተነሥተው ወጡ። አለቀልኝ፣ ተቃጠሉ አልኩ። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ወደ ጀልባው ሄዱ፣ በሚያማቸው ጉልበት ተንበርክከው አዩ፣ ጣውላውን በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያ ባልና ሚስቱን ጠሩና በእኔ ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው። አሮጌውን ሳላወጣ ፈርሜያለሁ። ባትሪውም ያለ ጥፋቱ ነው የተለወጠው። ያገኘችው እሷ ናት» አሉ። የራሳቸውን ፕላስተር ልጠው አነሡና አዲስ ቆርጠው ሰጡኝ፤ «ፈርሚ!» አባዬ፣ ስሜንና ቀኑን ጽፌ ለጠፍኩት። ዓርብ ጠዋት ሣጥኔ ጠረጴዛ ላይ ጠበቀኝ፤ ቀይ ነው፣ ክዳኑ ሲከፈት ይንጫጫል። ጀልባውም ቅዳሜ ሄደ። መምህርቷ እስኪርቁ ድረስ ደብተሩን እያውለበለቡ ነበር።

አሁን ሁለተኛው። እህቴ፣ እዚህ ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ እማዬም ትስማ።

ያ አሸዋ ጫኝ መኪና ትዝ ይልሃል? እኔ ፈተና ጨርሼ ውጤት ስጠብቅ ጋራዥህ ውስጥ የምውልበት ጊዜ ነበር። ሞተሩን አስነሥተህ እጅህን ልትታጠብ ሄድክ። ሞተር አንዴ ከተነሣ ባትሪ አያስፈልገውም ሲሉ ሰምቼ ነበርና እውነት መሆኑን ልይ ብዬ በአሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ማሰሪያ ፈትቼ አነሣሁት። የጋቢናው መብራት ቦግ ብሎ ጠፋ፤ ከዲናሞው የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ደንግጬ ማሰሪያውን መልሼ ጣል አደረግኩት እንጂ አላጠበቅኩትም። አንተ መጣህ፣ ማሰሪያውን ነካህ፣ እጅህ ላይ ተወዛወዘ። እኔ አፌን ሳልከፍት ለሹፌሩ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳላጠብቅ ነው የተውኩት» አልከው። እኔም ዝም አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ዝምታዬ ከጥፋቴ በለጠ።

ከዚያ ወዲህ አንዷን ብሎን ሦስት ጊዜ ስታጠብቅ አይቼሃለሁ። ከባድ መኪና መቀበል ስትተው አይቻለሁ። ደንበኛ ሲመጣ «ሌላ ጋ ሂድ፣ የእኔ እጅ አይታመንም» ስትል ሰምቻለሁ። ዲናሞውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ አባዬ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትለኝ አይፈረድብህም፤ ብትቆጣም ይገባኛል። ብቻ ይህን እወቅልኝ፤ አንተ አጥብቀኸው ነበር። በጣም አጥብቀኸው ስለነበር ለመፍታት ሁለት እጄን ነው የተጠቀምኩት።

ፊውዝ ጣውላ በእጅ መዳሰስ ማን እንዳስተማረኝ ጠይቀውኛል። አባቴ ነው አልኳቸው። «አሁንም ይሠራሉ?» አሉኝ። አዎ ብያቸዋለሁ፤ እንዳታስዋሸኝ።

እማዬን አገላብጠሽ ሳሚልኝ እህቴ፤ ወገቧን ሸክም እንዳታስነኪ። ድቡልቡሉን ጉንጩን፣ ባለቤትሽን በሰላምታ። ለጎረቤታችን ልብስ ሰፊ፣ የስፌት መኪናዋ ስታስቸግረው አባዬ ጋ ያምጣት በይልኝ። አባዬ፣ አንተን ጉልበትህን ስሜያለሁ። አሥራ ሦስት ቁጥሩን ቁልፍ ከሣጥኑ አውጥተህ ኪስህ ውስጥ፣ ከመነጽሩ ጎን አስቀምጥልኝ።

የምትወድህ ትልቋ ልጅህ

ከጀልባ ጥገና ግቢው መጋዘን በላይ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ፣ መጋቢት ፲፯ ቀን