በቅንድብ የተሰጠ መልስ

ጁን 4
ለማከራያት ጎጆዬ የፈረንጅ እንግዳ መጣ። አባትና የዘጠኝ ዓመት ልጁ፤ ሄንድሪክና ኢልሳ። የባሌ ወንድም ኢሲድሮ ነው በጀልባው ያመጣቸው። ሰውየው መጀመሪያ ያወረደው ሻንጣውን፣ ከዚያ ልጁን። ሻንጣው ውስጥ የሌለ ነገር የለም… የውኃ ማጣሪያ፣ ፊሽካ፣ ሦስት ዓይነት የትንኝ ቅባት። ደግሞ ከኢንተርኔት ያተመው አርባ ገጽ ምክር፣ ሩቅ ባሕር ዳርቻ ለሚሄዱ። ምክር አንድ፦ ኮኮናት ዛፍ ሥር አትቀመጥ። ወይ እውቀት! ይህንንማ ዶሮዎቼም ያውቁታል።

ጁን 5
ቀኑን ሙሉ ጥያቄ። ውኃው ፈልቷል? እባብ አለ? ሐኪም ቤት ምን ያህል ይርቃል? (በጀልባ ሦስት ሰዓት፣ ባሕሩ ካልተቆጣ።) ጠዋት የተያዘውን ዓሣ አገላብጦ አሸተተው። የእኔን ዓሣ!
«እትዬ ፔርላ፣ ነገ አንቺንም ያሸትሻል» አለኝ ኢሲድሮ፣ በሳቅ እየፈረሰ።
«መጀመሪያ የራሱን ቅባት ይታጠብ» አልኩት።
ልጅቷ ግን ደስ ትላለች። ሩዙን እንደኛ በእጇ በላች።

ጁን 6
ሲዘንብ ዋለ። ከዝናብ በኋላ ሳላባይ ወደ ዳር ይመጣል… ያ መስታወት የመሰለ፣ ክሩ እንደ እሳት የሚለበልብ መርዘኛ የባሕር እንስሳ። ለሰውየው ልንገረው ይሆን? ምን አገባኝ። አርባ ገጽ አለው አይደል?

ጁን 7
ጠዋት ዓሣ ሳጸዳ ሰውየው ከዳር ሆኖ ጮኸ፦ «ዛሬ ባሕሩ አደገኛ ነው?» ቅንድቤን ብድግ አደረግኩለት። እኛ ዘንድ አዎ ማለት ነው፤ የሚጠባ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ወደ ዓሣዬ ዞርኩ።
ከዚያ የልጅቷ ጩኸት… ክሮቹ ጭኗ ላይ ተጣብቀዋል። አባቷ በእጁ ሊፈትጋት!
«እንዳትነካው!» አንድ ጄሪካን ኮምጣጤ አፈሰስኩባት፤ መርዙን የሚያቆመው እሱ ነው። ትንፋሿ ግን እያጠረ መጣ። ኢሲድሮ ሞተሩን አስነሳ።
አባትየው ልጁን ታቅፎ ጀልባው ላይ ሲወጣ «ጠይቄሽ ነበር እኮ!» አለኝ።
«አዎ አልኩህ!»
«ምንም አላልሽም! እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል ብለሽ የተገረምሽ ነው የመሰለኝ!»
«ቅንድቤን…» አልኩ። ጀልባው ተነሣ።

ጁን 8
ወሬ የለም። ባሕሩ ተቆጥቷል።
አርባ ገጽ ወረቀቱን ትቶት ሄዷል። ላሾፍበት ገለጥኩት። ሳላባይ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ አለ። «ከመዋኘታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ» ይላል።
ጠየቀ እኮ።

ጁን 10
ኢሲድሮ ተመለሰ። ተርፋለች! ጭኗ ላይ ጠባሳው ይቀራል እንጂ ትስቃለች፣ ትበላለች አለኝ። አለቀስኩ።
አባትየው ምስጋና ልኮልኛል። ኮምጣጤው ነው ያተረፋት ብሏል። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልማዳቸውን ሳላውቅ መጥቼ…» ብሏል። መንደሩ ሁሉ የቅንድቡን ነገር ሰምቶ በፈረንጁ ይስቃል። ኢሲድሮም «አንቺ ምን አጠፋሽ? መልሰሽለታል» ይለኛል።
እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው? ቅንድቤን ካነሳሁ በኋላ ፊቱን አይቻለሁ። እንዳልገባው አውቄያለሁ። ልጅቷ ወደ ውኃው ስትሮጥም አይቻለሁ። ይሄ ብልጥ ነኝ ባይ አንዴ ይደንግጥ ብዬ ዝም አልኩ… አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።
ነገ ከኢሲድሮ ጋር ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ለሰውየው ይህንኑ በአፌ እነግረዋለሁ።