በግድ ስለተጫነው ሞጁልና ስለ ሞክሼዎቹ

ለሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ክቡር ኃላፊ፣

አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለወንበርዎም መደላደል እመኛለሁ። እኔ ከሀፍረቴ በቀር ደኅና ነኝ።

፩ኛ፦ በካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ የበሽተኛን ስም ከካርዱ ጋር የሚያዛምደውን ሞጁል የተባለ ትንሽ ፕሮግራም እንድጭን ስላዘዙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እንደ ደንቡ አስቀድሜ ስፈትሸው ከአርባ አንድ ሙከራዎች ሁለቱ ወደቁ፤ ሞጁሉ ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆነ ሞክሼዎችን መለየት አልቻለም። ይህን ስነግርዎ «ለሁለት ብለህ ነው? ፍተሻውን ዝለለውና በግድ ጫነው» አሉኝ። ጫንኩት። በፍተሻው ቅጽም ላይ «ሁሉንም አልፏል» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ያዘዙኝ መጫን እንጂ መዋሸት አልነበረምና ይህቺ ውሸት የራሴ ናት።

፪ኛ፦ በሳምንቱ ፔኒሲሊን የማይስማማት አንዲት እናት የሞክሼዋ ካርድ ወጣላትና መርፌውን ተወጋች። ፊቷ አብጦ ትንፋሿ ሲያጥር ነርሷ ደረሰችላት፤ ለጥቂት ተረፈች። እርስዎም ስብሰባ ጠርተው ጥፋቱን ሁላችን «እትዬ» በምንላቸው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ስላጠቃለሉት ጊዜያችን ተቆጥቧል። እሳቸው «እኔ ማሽኑ የሰጠኝን ነው ያወጣሁት» ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ «ልጄ፣ አንተ ታውቀው የለም?» አሉኝ። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ የጫማዬን ማሰሪያ ሳይ ስብሰባው አለቀ።

፫ኛ፦ ሃያ ስድስት ዓመት ካርድ የለዩትን ሴት ወደ ልብስ ማጠቢያ ስላዛወሩልን እናመሰግናለን። ሲሄዱ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጡ። ወቀሳ ስጠብቅ፣ በእጃቸው የጻፉትን አራት ገጽ የሞክሼዎች ስም ሰጡኝና «እነዚህን ተጠንቀቅላቸው» ብለው ወጡ። ስሞቹን አንድ በአንድ ሞከርኳቸው፤ ሞጁሉ ያላምታታው ጥንድ አላገኘሁም።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ያለ ፈቃድዎ ሞጁሉን አጥፍቻለሁ፤ እውነተኛውን የፍተሻ ውጤትና የዋሸሁበትን ቅጽም ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አስረክቤ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌያለሁ።

ትእዛዝ ማክበርን ከሙያ ቆጥሬ የኖርኩት፣
ሞጁሉን የጫነው ሠራተኛዎ

ማስታወሻ፦ እትዬን ይቅርታ ልጠይቅ ልብስ ማጠቢያው ድረስ ሄጄ ነበር። «እኔን ተወኝ፣ መጀመሪያ የታመመችዋ ዘንድ ሂድ» አሉኝና ሄድኩ። አልጋ ቁጥር አሥራ አራት ነች፤ የመጠየቂያው ሰዓት ከሰባት እስከ ስምንት ነው። ልጇ ከኮምፒውተር ክፍሉ የመጣሁ የመጀመሪያው ሰው መሆኔን ነግራኛለች፤ ኃላፊ እንዳለን ግን አላወቀችም።