ስለ ፔሊካን በር፤ ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር ሚስተር ኤልስዎርዝ ሆይት
የካልደርዉድ የጠፈር በረራ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው ሰኞ በቴሌቪዥን ቀርበው ሲናገሩ ድምፅዎ ሻከር ብሎ ስለነበር እኛ የታይተስቪል ነዋሪዎች ተጨንቀን ሰንብተናል፤ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ሲያስተባብል ጉሮሮው መድረቁ አይቀርምና ሞቅ ያለ ውኃ በማር ቢወስዱ መልካም ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በእርስዎ መንኮራኩር በፔሊካን ተሳፍረው ለአሥር ቀን ብቻ ወደ ጠፈር ጣቢያው የሄዱት ኮማንደር ማሪሶል ታላማንቴዝና አብራሪው ዶይል ክረብም፣ ዛሬ ሰማንያ አራተኛ ቀናቸውን ቢይዙም ደህና ናቸው። እዚያው ጣቢያው ውስጥ እስካሉ ድረስ ማለቴ ነው።

ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምዎትም። ቨርሊን ስታክፖል እባላለሁ፤ በድርጅትዎ የበር ቡድን ፎርማን ነኝ። አምስት ነን። ጠፈርተኞቹን ወንበራቸው ላይ እናስቀምጣለን፣ ቀበቷቸውን እናጠብቃለን፣ የመንኮራኩሯን በር ዘግተን እንወርዳለን፤ ስትመለስም ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ ጠብቀን ያንኑ በር እንከፍታለን። ለሠላሳ አንድ ዓመት ስዘጋና ስከፍት ኖሬአለሁ። ይህን ጽሑፍ በጋዜጣ ለማውጣት የደፈርኩት በቢሮዎ በኩል የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው፤ ያን ያህል ወረቀት ያባከንኩብዎት እንደሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ምስጋናዎቼንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። ከበረራው ሁለት ወር በፊት፣ ነዳጁን ወደ ትንንሾቹ ሞተሮች የሚገፋው ሂሊየም የሚባለው ጋዝ የሸሚዝ ቁልፍ ከምታክል አንዲት የማሸጊያ ላስቲክ፣ ጎሚኒ ከምንላት፣ ሥር እየተነፈሰ መሆኑን መለኪያው ሲጮህ ሰምቼ የጉድለት ወረቀት ሞላሁ። እነዚያ ሞተሮች ለጌጥ የተቀመጡ እንዳልሆኑ እርስዎም ያውቃሉ፤ መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትወርድ ፊቷን በትክክል የሚያዞሩላት እነርሱ ናቸው፤ ካላዞሯት ትቃጠላለች። ወረቀቴ በሦስት ሰዓት ውስጥ «እንዳለ ይሂድ» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰልኝ። የጥርስ ሐኪሜ እንኳ ከዚህ የበለጠ ያስጠብቀኛል። ማኅተሙ ቀለሙ ደማቅ፣ ፊደሉም ቆንጆ ስለነበር የት እንዳሠሩት ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል።

፪ኛ/ ስለ ቋንቋ ችሎታዎ። ፔሊካን ጣቢያው ደጃፍ ስትደርስ ከሃያ ስምንቱ ሞተሮች አምስቱ ቀጥ አሉ፤ ኮማንደር ማሪሶልም እንደ አሮጌ መኪና በእጅ መሪ እየገፋፋች አስጠጋቻት። እኛ እዚህ ታች በሬዲዮ ስናዳምጥ ነበር። እርስዎ በማግስቱ «የሙከራው አስደሳች ግኝት» ብለው ሰየሙት። ክቡር ሆይ፣ ነገር ሲበላሽ «ይህ እኮ የሙከራ በረራ ነው» ይሉናል፤ ሰዎቹ በእሷ አይመለሱ ስንል ደግሞ «ይህች የተረጋገጠች መንኮራኩር ናት» ይሉናል። የትኛው ቀን የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ቢነገረን ልባችንን እንደዚያው አዘጋጅተን እንመጣ ነበር።

፫ኛ/ ይህ ቁጥር ጠበቃዬ በሰጠኝ ምክር ወጥቷል። በውስጡ የነበሩት ቅጽሎች ግን ከልብ የመነጩ እንደነበሩ ይወቁልኝ።

፬ኛ/ «ጠፈርተኞቻችን ቆይታቸው ተራዘመላቸው እንጂ አልተቸገሩም» የሚለውን መግለጫዎን ለዶይል ባለቤት ለጆሊን ማን እንዳነበበላት አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ዓሣ ቤት ተገናኘን። የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ተጠቅልሎ እስኪሰጣት ስትጠብቅ አየችኝና ወደ እኔ መጣች። «ቨርሊ» አለችኝ፣ «በሩን ስትዘጊ መጨረሻ ላይ ምን አለሽ?» እውነቱን ነገርኳት፤ «ቀበቶውን አላዪው እንጂ፣ ምን ነካሽ፣ ቁርሴን በአፌ ልታስወጪው ነው እንዴ?» ነበር ያለኝ። ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ተቋረጠና ጥቅሉን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። «ተይው፣ አንቺ የዘጋሽው በር መቼም አይተነፍስም» ብላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ባሏ ሰማይ ላይ የቀረባት እሷ፣ የተጽናናሁት ግን እኔ ነኝ። ከዓሣ ቤቱ ስወጣ ያፈርኩትን ማፈር ለጠላቴም አልመኘውም።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቁጥሬን ላቋርጥ፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም።

በበረራው ዕለት ጠዋት በሬዲዮ የየክፍሉ ስም ሲጠራ የእኛ ተራ ደረሰ። «በር?» ተባለ። ያቺ ጎሚኒ በዓይኔ ላይ ነበረች፤ ማኅተሙም ጭምር። ከኋላዬ አራት ሰዎች፣ ከወንዙ ማዶ ድልድዩ ላይ መኪናውን አቁሞ የሚጠብቅ ስንት ሺህ ሕዝብ፣ በሰዓቱም ላይ የቀረን አርባ ደቂቃ ነበር። ዶይል በመስኮቷ ውስጥ አውራ ጣቱን አሳየኝ። እኔም «በር ዝግጁ» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ሰው ሁሉ ዝግጁ ሲል እኔ ብቻ አይደለም ማለት ከበደኝ፤ በቃ፣ ፈራሁ። እርስዎ ያንን ማኅተም መትተውም ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል ብለው ሰዎች ነገሩኝ፤ እጅግ ቀናሁብዎት።

፭ኛ/ ስለ ደህንነት ኮሚቴዎ ትዕግሥት። ባለፈው ረቡዕ ሰዎቹ በፔሊካን ይመለሱ አይመለሱ በሚለው ስብሰባ ላይ እንድናገር በመፈቀዱ ክብር ተሰምቶኛል። ሰብሳቢው ሚስተር ትዊቸል ግን እንዲህ አሉኝ፦ «እትዬ ቨርሊን፣ አደገኛ ነው ካልሽ በቁጥር አሳዪን እንጂ። ልቤ ፈራ ተብሎ መንኮራኩር አይቆምም።» «የኔ ጌታ፣ እኔ እኮ በር ዘጊ ነኝ» አልኳቸው፤ «ደህና መሆኗን እናንተ ናችሁ እንጂ ለእኔ የምታሳዩኝ!» በቃለ ጉባኤው ላይ «ፎርማኗ ማስረጃ የላትም» ተብሎ ተጻፈ። ድሮ አንድ ነገር ደህና መሆኑ ካልታወቀ ይቆም ነበር። አሁን አደገኛ መሆኑ ካልታወቀ ይሄዳል። ይህን ያህል ትልቅ ለውጥ ያለ አንዳች ድምፅ በማካሄድዎ፣ በተለይም አደጋው የሚታወቀው ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ እንዲሆን አድርገው በማቀናበርዎ፣ አድናቆቴ ወሰን የለውም።

፮ኛ/ ከሁሉም በላይ ስለ ፎቶግራፍ ያለዎትን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። በየካቲት የሌላ ኩባንያ መንኮራኩር ወደ ጣቢያው እንደሚወጣና ሁለት ወንበር ባዶ አድርጎ ሊያመጣቸው እንደተስማማ በስብሰባው ላይ ሰምቻለሁ። ምግብ አላቸው፣ አየር አላቸው፣ ማሪሶል እንደነገረችን ቲማቲም ሳይቀር ያበቅላሉ። ፔሊካን ባዶዋን ትውረድ፤ ብትቃጠል ብረት ነው የሚቃጠለው። ነገር ግን ረዳትዎ በአዳራሹ መተላለፊያ ላይ ሲያስረዱኝ፣ ሰዎቻችንን ተፎካካሪያችን ይዟቸው ሲወርድ የሚነሳው ፎቶ ለኩባንያው ስም ደግ አይሆንም። እውነታቸውን ነው። ዶይል ክረብ በሌላ ሰው መንኮራኩር በሕይወት ወርዶ ሚስቱን ሲያቅፍ ማየት ለካልደርዉድ ወዳጆች ሁሉ ልብ የሚሰብር ትዕይንት ይሆናል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በመጪው ሐሙስ ሁለቱ ሰዎች በፔሊካን እንዲመለሱ የሚፈቅደው ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የእርስዎ ፊርማ፣ የሚስተር ትዊቸል ፊርማ፣ የሌሎች ዘጠኝ የተከበሩ ሰዎች ፊርማ አለበት። የጎደለው የበር ፎርማን ፊርማ ብቻ ነው። እርስዎ ራስዎ ያጸደቁት መመሪያ በአንቀጽ ዐሥራ አራት፣ በዚያ ቦታ ላይ የፈረመ ሰው መንኮራኩሯ ስታርፍ በሩን በገዛ እጁ ይከፍታል ይላል። ይህ ደንብ ከእኛ በፊት ከነበሩት የበር ሠራተኞች የወረደ ነው፤ ያወጡትም የሚፈርመው ሰው ስሙን ከመጻፉ በፊት በሩን ሲከፍት የሚያየውን እንዲያስብ ብለው ነው። የቀሩት ዐሥራ አንድ ፈራሚዎች በዚያን ሰዓት ፍሎሪዳ ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ይሆናሉ።

እኔ አስቤዋለሁ። ስለዚህ አልፈርምም። አንድ ጊዜ «ዝግጁ» ብያለሁ፤ ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም። ሰዎቹን እዚያው ተዉልኝ፣ የካቲት ይምጣ፣ ሰው ያምጣቸው።

ለእነዚህ ጥቃቅን ጉዳዮች ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ አዝናለሁ። የኩባንያዎ ስም በሰማይም በምድርም እንዲገን፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ እርስዎም በመረጡት ወንበር ላይ፣ መሬት ላይ በተተከለው ማለቴ ነው፣ ረጅም ዘመን እንዲቀመጡ ከልብ እመኛለሁ።

ለፈቃድዎ ሁሉ፣ ከአንዱ በቀር፣ ታዛዥዎ የሆነችው፣

ቨርሊን ስታክፖል
የበር ቡድን ፎርማን፣ ታይተስቪል

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከፎርማንነቴ መነሳቴንና በእኔ ቦታ ክሊተስ ብራዶክ መተካቱን የሚገልጽ መልእክት ደረሰኝ፤ ስለ ፈጣን ውሳኔዎ አመሰግናለሁ። ሆኖም ክሊተስ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደውሎልኝ «እትዬ ቨርሊን፣ እኔ ደግሞ ምን በደልኳቸው? እንቢ ብያለሁ» አለኝ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ታን እጁን አሞት መጻፍ አልቻለም፤ እስከ መቼ እንደሚያመው ሲጠየቅ «እስከ የካቲት» ብሏል። የቀሩት ሁለቱ ስልካቸውን ቤት ትተው ጀልባ ይዘው ወንዙ ላይ ወጥተዋል፤ የት እንዳሉ አውቃለሁ፣ ግን አልናገርም። አምስቱም ካልተገኙ መመሪያው ያንን የፊርማ ቦታ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ይሰጣል፤ ስለዚህ እንኳን ደስ አለዎት። የበሩን መፍቻ በሳጥን አድርጌ ለጸሐፊዎ ልኬአለሁ። ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ከማዞርዎ በፊት ግን በትንሿ መስኮት ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ እኛ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምናደርገው። እጃቸውን ካወዛወዙልዎት ይክፈቱ።