ለጀማሪ የሚቀሉ ነገሮች

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? ያ ወገብህ አሁንም ያስቸግርሃል ወይስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ፤ እግሬ ማታ ማታ ከማበጡ በቀር ምንም አልል። ላውንደሪ ቤቱም እንደ ድሮው ነው፤ እኔ ካውያ ይዤ እቆማለሁ፣ የሰው ሸሚዝ በፊቴ ያልፋል። ይህን ደብዳቤ የሰጠችህ ጎረቤታችን ናት፣ ነርስ ናት፤ አትቸኩልባት፣ እሷም አትቸኩልብህም። ቆመህ ከሆነ የምታነበው አንድ ጥግ ፈልገህ ተቀመጥና እስከ መጨረሻው አንብበው።

የላክኸው ነገር ደርሶናል። እማዬን ያ በሽታ ቀኝ ጎኗን ከመታት ወዲህ ሐኪሟ "እጇ እንዳይደርቅ በየቀኑ የሚያፍታታት ነገር ትሥራ" ብላ ነበር። እኔም ጻፍኩልህ። "እባክህ ለአንድ ወር እንኳ ናና አግዘኝ፣ ብቻዬን አቃተኝ" አልኩህ። አንተ ደግሞ የሥዕል መምህር አይደለህ፤ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስና በዚያ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍህ "ለጀማሪ የሚቀሉ ነገሮች" የምትል አንዲት ገጽ ላክህልን። እንቁላል፣ ኩባያ፣ ቅጠል፣ አሮጌ ጫማ። ከታች ደግሞ አስምረህበት፣ "ፊት አይሞከር፤ ለጀማሪ ይከብዳል።" ና ስልህ እንቁላል አልከኝ። ፖስታውን ከፍቼ ሳየው ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ወዴት እንደሄደ እንጃ።

እማዬ ግን ምን ብትሆን ጥሩ ነው! "ሰዓሊዬ ላከልኝ" እያለች ለገባ ለወጣው ሁሉ አሳየች። እኔ የምለውጥላትን አንሶላ እስከ ዛሬ ለማንም አሳይታ አታውቅም።

እንግዲህ ጀመርን። ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ጋ ደግፌ አስቀምጣታለሁ፣ እርሳሱን በጣቶቿ መሃል አስይዛታለሁ። እንቁላልን "አንድ መስመር ነው፤ ዞሮ ከተነሳበት ይገጥማል" ብለሃል። የእሷ አልገጠመም። ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሄደ። ተናዳ በደህናው እጇ ጠረጴዛውን ብትመታው እንቁላሉ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። "ውይ፣ ሞዴላችን ሞተ!" ብላ በግማሽ ፊቷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ተንበርክኬ ወለሉን ጠረግኩ።

ለኩባያው ሁለት ጆሮ አወጣችለት። "ምነው እማዬ፣ አንድ አይበቃውም?" ብላት፣ "አንደኛው ሰዓሊዬ ሲመጣ የሚይዝበት ነው" አለችኝ። ሌላው የማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ወደ ጫማው ስንደርስ ደግሞ "አሮጌ ይሁን፤ አዲስ ጫማ የሚያወራው የለውም" ብለሃል። የኔን አውልቄ አቀረብኩላት፤ ቆሜ እየዋልኩ ተረከዙ በአንድ ወገን ያለቀውን። "ያንቺማ ምን አለው" አለችና ያንተን የተማሪነት ጫማ ከአልጋ ሥር አስወጣችኝ። አሁንም ቀለም ይቀባል፣ ታውቃለህ? የሚቀባውስ ማን ይመስልሃል? ያን ዕለት ራት ሳልበላ ተኛሁ። ቀናሁ፣ ወንድሜ፤ በዚህ ዕድሜዬ በጫማ ቀናሁ።

ከዚያ አንድ እሑድ "አሁንስ ፊት ልሞክር" አለች። "ልጅሽ ከልክሏል፣ ይኸው ጽፏል" ብላት "እሱ ምን ያውቃል!" አለችኝ። ስላንተ እንዲህ ስትል የሰማሁት ገና ያኔ ነው። ፎቶህን ከግድግዳው ላወርድ ስነሳ "ተይው፤ አንቺ ቁጭ በይ" አለች።

ቁጭ አልኩ። አየችኝ። ሳጥባትም፣ ሳለብሳትም፣ ሳጎርሳትም ዓይኗ ሁልጊዜ በሩ ላይ ነው፤ አሁን እኔ ላይ ሆነ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። መስመር ታወጣለች፣ ታጠፋለች፣ መልሳ ታየኛለች። "ፊትሽን አታዙሪ እንጂ" ትለኛለች። ብዙ ቆይታ "ይሄ ሽበት መቼ ነው የወጣው?" ስትል ጠየቀችኝ። "ቆየ፣ እማዬ" አልኳት። መስመሯን ቀጠለችና "ያ ሰውዬስ?" አለች።

እንዴት እንዳወቀች እንጃ። የላውንደሪውን መኪና ይነዳ የነበረውን ማለቷ ነው፤ ላግባሽ ያለኝን። ላንተም ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሥራ ቀይሮ ሌላ ከተማ እንደገባ፣ እኔም "እናቴን ጥዬ የትም አልሄድም" እንዳልኩት፣ እሱ ግን ዘንድሮን እጠብቅሻለሁ እንዳለኝ ነገርኳት። እርሳሱን አስቀመጠች። በደህናው እጇ ጉንጬን ነካ አደረገችና "እኔ እኮ አላየሁሽም ነበር" አለችኝ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ቀን ራት አቅርቢልኝ አለች፤ አቀረብኩላት።

በማግሥቱ ሐሳብ ይዞኝ የሰው ሸሚዝ አቃጠልኩ። ቤት ስገባ "ሰዓሊዬ እናቴ ናፈቀችኝ አላለም?" አለችኝ። ዋሸኋት። "ብሏል እንጂ! ደውሎ ላኪልኝ፣ ከእንግዲህ እኔ ጋ ትሁን አለኝ" አልኳት። ሽንኩርት እንኳ ሁለቴ ሳታስመዝን የማትገዛው ሴትዮ፣ አንዱ ሐኪም የነገራትን ሌላው ጋ ሄዳ የምታጣራው እናታችን፣ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችኝም። "እንግዲያማ ሻንጣዬን አውርጂልኝ" አለች። ልብሷን ሳጣጥፍ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታ ነበር።

የሳለችኝን ሥዕል ቤቱን አገላብጬ አጣሁት። ሻንጣዋን ማንም አይዝጋብኝ ብላ በአንድ እጇ ታግላ የዘጋችው ራሷ ናት። ካገኘኸው እንዳየኸው አትንገራት።

"ዕቃ ልኬልሃለሁ፣ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበል" ብዬ የደወልኩልህ ለዚህ ነው። ና ብልህ ሥራ በዛብኝ እንደምትል፣ ልላካት ብልህ ቤቱ ጠባብ ነው እንደምትል አውቃለሁ፤ ዕቃ ግን ትቀበላለህ። ቀና በል። ከሾፌሩ ኋላ ባለው መስኮት የምታይህ እማዬ ናት።

መድኃኒቷ በጥቁሩ ቦርሳ ነው፤ ጠዋትና ማታ ይሰጣታል። ስታጎርሳት በግራ በኩል ይሁን። ውሃ ቢጠማት አትናገርም፤ አንተ ጠይቃት። ባለቤትህን ስለ ድንገቱ ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ አንተን ግን አልጠይቅህም። የቤቱን ቁልፍ ለአከራያችን መልሻለሁ፤ ይህን ስታነብ እኔም ወደዚያ ሰውዬ ከተማ መንገድ ላይ ነኝ። መሄዴን ሳስብ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ለእሷ ዕድሜውን ለአንተም ጉልበቱን ይስጥልኝ። በል አሁን ሂድና እጇን ይዘህ "ላኪልኝ ያልኩት እኔ ነኝ" በላት። አታምንህም። ያመነች መስላ ግን ትስቅልሃለች፤ አንተም አትጠይቃት።

እህትህ