የሙሽራ ዕቃ የሚሸጥ አይደለም

ለተከበሩ አቶ ራጊብ ሸውቂ፣
የእስክንድርያ ወደብ ሠፈር የውበትና የእንግዳ አቀባበል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ትናንት ለቱሪስት መርከቡ እንግዶች ጎንበስ ቀና ሲሉ ውለዋልና ወገብዎ ደኅና አደረ? እኔ ዓሣ ጠባሿ ነዕማት አላህ ይመስገን ደኅና ነኝ። ልጄ ሻሂናዝ ብቻ ታለቅሳለች፤ እሱ ደግሞ ለእርስዎ ምን ቁም ነገር ነው!

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. እንግዶቹ ምሽጉን ጎብኝተው፣ ዓሣቸውን በልተው የሙሽራ ዕቃ ወደሚሸጥበት የሴቶች ገበያ ሲያልፉ ሠፈሩ ጸጥ እንዲል ብለው የልጄን የሙሽራ ዕቃ የጫነውን መኪና ስላስቆሙልን እናመሰግናለን። ዕቃውን በክፍት መኪና ጭነን፣ በእልልታና በከበሮ አጅበን፣ አገር እያየው ወደ ሙሽራው ቤት መውሰዳችን ነውር መሆኑን ያወቅነው ገና በእርስዎ ዘመን ነው።

2ኛ. መኪናው መንገድ እንዳይዘጋ ብለው ዕቃው ወርዶ በእግረኛው መንገድ ላይ በሥርዓት እንዲደረደር ስላዘዙልን ምን ብዬ ላመስግን? ከማማሩ የተነሳ እንግዶቹ ገበያው የደረሱ መሰላቸው። አንዷ ባለ ባርኔጣ የልጄን ድስት ከፍታ ስታሸት፣ ጎረቤቴ ኡም ፋሩቅ "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ በሉ ልጅቷንም መዝናችሁ ውሰዷት!" ብላ ጮኸች። እንግዶቹ አጨበጨቡላት።

3ኛ. ይቺኛዋ እንኳ በምስጋና አትመለስም። እርስዎ ጩኸቱን ሰምተው መጥተው፣ በጥጥ የተሞላውን ብርድ ልብስ ብድግ አድርገው "የከተማችን ስጦታ!" ብለው ለመርከቡ ካፒቴን አስታቀፉት። በሰው ወርቅ አይደምቁም የሚሉ ሰዎች እርስዎን ስላላዩ ነው። እኔ "ኧረ ጌታዬ፣ የልጄ ነው!" ብል፣ "ሐጃ፣ አገርሽን አታሳፍሪ! ሳቂ በቃ!" አሉኝ። ሳቅሁ። ፎቶው ላይ አለሁ፣ ጥርሴ ሁሉ ይታያል።

ያንን ብርድ ልብስ የሰፋው ሟቹ ባለቤቴ ጀላል ነው፤ ጥጥ እየነደፈ የሙሽራ ብርድ ልብስ የሚሰፋ ነበር። የሰው ሙሽራ ሁሉ ሲያለብስ ኖሮ፣ የራሱን ልጅ ሰርግ እንደማያይ ሲያውቅ ታሞ አልጋው ላይ ተቀምጦ የጨረሰው ሥራ ነው። አማቶቿ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ "ሌላ እንገዛለን" ብለዋል። እሷ ግን ያለ አባቴ ብርድ ልብስ ከዚህ ቤት አልወጣም ብላለች፤ ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል ወይ ፍንክች! እኔም ልክ ናት እላለሁ፤ አንጀቴ ነው ያረረው።

ሰርጉ ነገ ነው። መርከቡም የሚሄደው ነገ ነው። ሲሰጡ ያላፈሩትን፣ ሄደው ሲጠይቁ እንዳያፍሩ በትሕትና እለምናለሁ። ይህን ደብዳቤ የዓሣ ገበያው በር ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ ድረስ ሄጄ ሥራ እንዳላስፈታዎ ብዬ ነው።

ዕድሜና ሹመት ያብዛልዎ እያልኩ፣
በእርስዎ ደግነት እጇን ታጥባ የቀረች አክባሪዎ፣
ነዕማት ዐብዱልሐሊም

ማስታወሻ፦ የእርስዎም ልጅ በመጪው ወር እንደምትዳር ሰምተናል፤ እንኳን ደስ ያለዎ! ዕቃዋ የሚያልፈው በእኛው ደጅ ነው። አባቷ ቆሞ ሊድራት የታደለች ልጅ ናትና እልልታችንን አንነፍጋትም። ስለ ዕቃዋም ሐሳብ አይግባዎ፤ በእኛ ሠፈር የሰው ሙሽራ ዕቃ አይነካም።