ከበሩ ማዶ ያሉት ሦስቱ

ሰኞ፣ ኅዳር 4
አምስት ሱሪ አሳጠርኩ። አንድ ዚፕ ቀየርኩ። አናጢው የመቁረጫ ጠረጴዛዬን እግር ሊጠግን መጥቶ ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ የድመት ልጅ አወጣ። «እናቷ ጥላት ሄደች። አንቺን ደግሞ ድመት ይወድሻል» አለኝ። እምቢ ልል አፌን ስከፍት እጄ ላይ ተኝታለች… ምን ላድርግ?

አማቴ ከጓዳ ብቅ አሉ። አዩዋት። እሱንም አዩት። «ዛሬ ድመቷ፣ ነገ ባለቤቷ» ብለው ተመለሱ። ምን ማለታቸው ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5
ጉድ ፈላ! ሻለቃ ጠጉሩን አቁሞ ሲያጉረመርም ዋለ። እመቤት ቁም ሣጥን ላይ ወጥታ አልወርድም አለች። ሁለቱም የአማቴ ድመቶች ናቸው፤ ድሮም እኔን አይሰሙም። ትንሿ ደግሞ ጭብጥ የማታክል፣ ስፌት መኪናው ሥር ሆና ትፎክርባቸዋለች።

የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። «ለያይተሽ በር ዝጊባቸው። ምግባቸውን ከበሩ ወዲህና ወዲያ አድርጊ። የሚተኙበትን ጨርቅ አለዋውጪላቸው፣ ሽታ ይላመዱ። ከሳምንት በኋላ በሩን ገርበብ አድርጊው።»

ጨርቅ? ጨርቅማ ሞልቶኝ!

ሐሙስ፣ ኅዳር 7
ትንሿ ከእኔ ጋር፣ ስፌት ክፍል። ሁለቱ ከአማቴ ጋር፣ መኝታ ክፍል። አማቴም አብረዋቸው በር ዘጉ። ምሳቸውንም «እዚሁ አስገቢልኝ» አሉ። ድመት ነው የለየሁት ወይስ ሰው? ሳንኳኳ «ማነው?» ይላሉ። ከእኔ ሌላ ማን አለ?

ዓርብ፣ ኅዳር 8
አማቴ ገላቸውን ሲታጠቡ ገባሁ። ሻለቃ የሚተኛበትን ጨርቅ ከአልጋቸው አነሣሁ። በመቀስ ለሁለት። ግማሹን ለትንሿ ሰጠኋት።

ሲያዩት አልጮኹም። ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። «የልጄን ሸሚዝ…»

ክው አልኩ። አገላበጥኩት። አንገትጌው ተነቅሏል፣ ቀለሙ ለቋል፣ የድመት ጠጉር በጠጉር ሆኗል። ስፌቱ ግን የእኔ ነው። በተጋባን ዓመት የሰፋሁለት። የገዛ ባሌን ሸሚዝ፣ ጨርቅ ነው ብዬ! ከሞተ እኮ ገና አራት ዓመቱ ነው። እንዴት አላወቅኩትም?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9
አላናገሩኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች… እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 10
ሻንጣ ወርዷል። ማክሰኞ ሴት ልጃቸው መጥታ ትወስዳቸዋለች። ሻለቃንና እመቤትንም። «አዲስ ሰው ሲገባ አሮጌው ይወጣል» አሉኝ። የምን አዲስ ሰው? አሃ… አናጢው!

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። «ጨው አበዛሽ፣ መብራት አጥፊ» ስባል የኖርኩ ሴት! ምነው ብቻዬን በሆንኩ ያልኩባቸውን ቀናት እግዜር ይቁጠራቸው። ታዲያ ለምን ሆዴ ይባባል? ከአናጢውም ጋር ምንም የለኝም። ቢኖረኝስ? አለኝ እንዴ? እኔንጃ…

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12
በሩን ገርበብ አደረግኩና ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። አማቴ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ሻንጣቸው እግራቸው ሥር።

«እትዬ፣ አይሂዱ።»

«ለምን?»

ሌሊቱን ያሰናዳሁት ንግግር ጠፋብኝ። «ፈራሁ» አልኩ።

«ምኑን?»

«ሸሚዙን አላወቅኩትም። እርስዎም ከሄዱ እዚህ ቤት እሱን የሚያውቀው ሰው አይኖርም።»

ሻንጣቸውን በእግራቸው ገፋ አደረጉ። «እኔም» አሉ፣ «አንዳንድ ቀን ፊቱ ይጠፋኛል። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

አለቀስኩ። እሳቸውም። ትንሿ በእግሬ ሥር ሾልካ ገባች፣ ሻለቃ አጉረመረመባት፣ ማንም አልገላገለም።

«አናጢውስ?» አሉኝ፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ።

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

ልጃቸው ከውጭ ክላክስ አደረገች። ደገመች። ሁለታችንም አልተነሣንም።